ሰው ያለበት ይባረክ

የአዲስ አበባ ነጋዴ በቦታ መረጣ ያለውን ጥበብ የሚያደንቅለት አጥቷል። አያት ፒያሳ ወርቅ ቤት፣ አባት መርካቶ ጨርቅ፣ ልጅ ቦሌ መድኃኔዓለም ካፌ፤ ታናሽየው ደግሞ ሲኤምሲን አልፎ ሰሚት ደርሷል። ከመካከላቸው ደንበኛ የቆጠረ የለም፤ ምን በወጣቸው! አንድ ካፌ ከሞላ በዓመቱ እዚያው መስመር ላይ ስድስት ይከፈታል። ደንበኛው ለሰባት ይከፋፈላል፣ ኪራዩ ግን አይከፋፈልም።

ፈሪ ሰው ከመዋዋሉ በፊት ማክሰኞ ጠዋትና ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል። ሱቁ ያለው ሰዉ ወደ ሥራ በሚሮጥበት ጎን ነው ወይስ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ብሎም ይጨነቃል፤ ዳቦና ፍራፍሬ የሚገዛው ተመላሹ ነዋ! ጀግናችን እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ራሱን አያዋርድም። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መንገዱን በአጥር ለሁለት ሲከፍለው እንኳ፣ የማዶው ሰው ለአንድ ማኪያቶ ብሎ መሻገሪያ ፍለጋ ይዞርልኛል ብሎ ያመነ ብፁዕ ነው።

ውሉ ላይ ደግሞ ልበ ሰፊነቱ! 40 ካሬ ተብሎ ይፈርማል፤ ኮሪደሩና ደረጃው ተደምሮ እንደሆነ ሜትር ይዞ አይለካም። 15 በመቶው ቫት ከዋጋው ውስጥ ይሁን ከላይ የሚታከል፣ ነውር ነው፣ አይጠይቅም። የስድስት ወር ቅድሚያ ይከፍልና ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ሴራሚክ፣ የመስታወት ክፍልፋይ ያስገባል፤ ሲለቅ ነቅሎ የማይወስደውን ሁሉ፣ ለአንድ ዓመት ውል! ዓመቱ ሞልቶ አከራዩ ኪራዩን እጥፍ ሲያደርገው የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ ይጠቅሳል። አዋጁ ስለ መኖሪያ ቤት መሆኑን የሚረዳው ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ አዲሱ ሰፈር ይነሳል። ዕቃው በአንድ ቀን ይጫናል፤ የንግድ ፈቃዱ አድራሻና የግብር ፋይሉ ግን ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ካሽ ሬጅስተሩም ሳይነገርለት ተዛውሮ የአሮጌውን ሰፈር አድራሻ ማተሙን ይቀጥላል፤ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ።

ሰሞኑን ኮሪደር ልማት ባማረው መንገድ ዳር አዲስ ሕንፃ ወጥቷል። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ፣ የብስክሌቱም እንዲሁ፤ አይሱዙ የሚጠጋበት ግን የለም። ምድር ቤቱን ሦስት የሴራሚክና የቧንቧ ነጋዴዎች ቀብድ ከፍለውበታል።