ማስተካከያ፦ ሸክላ ማጫወቻው ውስጥ ስፕሬይ አትንፉ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጀርመኑ ዱዋል 1219 አውቶማቲክ ሸክላ ማጫወቻ ስጽፍ፣ ሸክላው ሲያልቅ መርፌውን የያዘው ክንድ በራሱ አልመለስ ካለ ውስጡን ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ንፉበት ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። የአምራቹ የጥገና መመሪያ ዘይት የሚገባበትንና ግራሶ የሚቀባበትን ቦታ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው።

ክንዱን አላንቀሳቅስ የሚለው ብዙ ጊዜ የደረቀ ግራሶ ነው። በዓመታት ብዛት እንደ ሰም ይጣበቃል። ስፕሬዩ ለጊዜው ያላላዋል እንጂ አያወጣውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ አሮጌውን ግራሶ በአልኮልና በጥጥ ጥርግ አድርጋችሁ አውጡ፣ ከዚያ የሚንሸራተቱት ብረቶች ላይ ብቻ አዲስ ግራሶ ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡ። ለሞተሩ ኩሽኔታ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል።

ቀድማችሁ ነፍታችሁ ከሆነ ጎማዋን እዩ። 1219 በቺንጋ አይሠራም፤ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞረው ከሥሩ ያለች ትንሽ የላስቲክ ጎማ ናት። እሷ ላይ ዘይት ካረፈ ትንሸራተታለች፣ ሳህኑ በደቂቃ 33⅓ ዙሩን አይሞላም፣ የዘፋኙ ድምፅ ይጎተታል። ጎማዋን፣ የሞተሩን ዘንግና የሳህኑን የውስጥ ጠርዝ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ በአልኮል ጥረጉ። ጎማዋ ካበጠች ወይም ከተሰነጠቀች ግን መቀየር አለባት።