እንደ ልብህ ተጫወት፣ ትእዛዝ ነው

ክላሲካል ፒያኖ ተምሮ ያደገ ወዳጅ አለኝ። የእነ ባኽንና የእነ ሾፓንን ድርሰት ልቅም አድርጎ ይጫወታል። ልደት ላይ «እስቲ አጅበን» ሲሉት ግን «ኖታው የታለ?» እያለ ሻማው ኬኩ ላይ ይቀልጣል። ይህ ሰው ነው ጃዝ ልማር ብሎ የተነሳው። ከሰው አይደለም፤ ከመጽሐፍ።

መጽሐፉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰላሙን ነሳው። ተከታታይ ሁለት ስምንተኛ ኖታዎች (ግማሽ ግማሽ ምት የሚይዙት) ሲጻፉ እኩል ናቸው፣ ሲጫወቷቸው ግን የፊተኛዋ ትረዝማለች ይላል። በስንት? እንደ ፍጥነቱ። ወዳጄ ባደገበት ቤት የተጻፈ የተጻፈ ነው፤ ማስመሪያ ማውጣት ነው የቀረው።

ቀጥሎ ግራ እጅ መጣ። «የኮርዱን (አብረው የሚመቱት ድምፆች) መሠረት ተወው፣ ቤዝ ተጫዋቹ ይይዘዋል።» ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤዝ ተጫዋች ከየት ይምጣ? ያለው ፍሪጅ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው ጂ የምትባለው ኖታ አካባቢ ያርፋል። እናም ወዳጄ ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን የሚባሉትን ኮርዶች ሲያከታትል ፍሪጁ መሀለኛዋ ላይ ብቻ ነፍስ ይዘራል። መጽሐፉ ይቺኑ ሰንሰለት በ12ቱም ኪይ (መነሻ ድምፅ) አዟል፤ መብራት ሲጠፋ የሙዚቃ ባንዱ ይበተናል። ከታች ያሉት እትዬ ደረጃ ላይ ያዙትና «ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ድሮ እኮ ደህና ትጫወት ነበር» አሉት።

ሶሎው (ተጫዋቹ ከራሱ የሚያፈልቅበት ክፍል) ጋ ሲደርስ ገጹ ባዶ ነው። የኮርዶች ስም ብቻ፣ ከሥሩ «እንደ ልብህ»። ሰውዬው እርሳስ አነሳ። ልቡን በኖታ ጻፈው፣ የጣት ቁጥር ሰጠው፣ አንዱ ቦታ ላይ «ድንገት» ብሎ ምልክት አኖረ፤ ከዚያ ሸመደደው።

የሚያመልካቸው ሰዎች እንኳ እንዲህ አልነበሩም። ባኽ በ1747 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ፖትስዳም ላይ ንጉሥ ፍሬድሪክ ዜማ ሲሰጠው ባለ ሦስት ድምፅ ፊውግ (ድምፆች አንዱን ዜማ እየተከታተሉ የሚቀባበሉበት ድርሰት) እዚያው አበጅቶለታል። ሞዛርትም ከኦርኬስትራ ጋር በሚጫወተው ኮንቼርቶ መሀል ካዴንዛውን፣ ብቻውን የሚጫወትባትን ክፍል፣ ከራሱ ያፈልቅ ነበር፤ ዛሬ ያ ፍልቅልቅ ታትሞ ይሸጣል።

በቀደም አዝማሪ ቤት ይዤው ሄድኩ። «ይሄ ፒያኒስት ነው፣ መጽሐፍ ይዞ ጃዝ እየተማረ ነው» አልኩት አዝማሪውን። ማሲንቆውን እንኳ አላቆመም፦

መብራቱን አብሩለት ወረቀቱን ያምጣ፣
ዓይኑ ሳያነብብ ከጣቱ ምን ይውጣ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወዳጄ ግን ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ «አንዴ ድገምልኝ» አለው። አዝማሪው ደገመለት፤ ዜማውም ግጥሙም ሌላ ነበር።