የኤቢኤስ መብራት በራ ማለት ፓምፑ ሞተ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «የኤቢኤስ መብራት ከበራ ፓምፑ አልቋል፣ ቀይረው» ያልከው ልክ አይደለም። ኤቢኤስ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት ነው፤ ፓምፑ አንዱ ክፍሉ ብቻ ነው። ሰው በከንቱ ብዙ ብር ያወጣበታል።

እንደ 1990ዎቹ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባሉ የቆዩ ስፖርት መኪኖች መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ነው። ውስጡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ነው፤ ጎማው ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ መመርመሩ ቀላል ነው። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለህ ኦሙን (የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን) በመልቲሜትር ለካ፣ ከሌላኛው ጎን ጋር አወዳድር። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንስተህ ሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግ፣ ጎማውን በእጅህ አሽከርክር። ምንም ካልመጣ ሴንሰሩን፣ ሽቦውንና ከጎማው ጋር የሚዞረውን ጥርሳም ቀለበት ፈትሽ። ዝገትና ቆሻሻ ብቻውን ሲግናሉን ያበላሻል!

የስህተት ኮዱም «የፊት ግራ» ቢል የሚጠቁመው ችግሩ ያለበትን የሽቦ መስመር ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም።

ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን አትንዳው፤ የፍሬን ዘይቱን እይ።