ታሪክ በማጅራት

የእህቴ ልጅ ተመርቆ «ጋሼ፣ እስቲ አዲስ አበባን በእግር አሳየኝ» ቢለኝ ደስ አለኝ። ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት ሥር ስንደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት ጣቱን ቀሰረ። ከኋላው የተቀረጹት በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ያስፈጃቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ሬሳዎቹ እንዳይገቡ፤ ከወገብ በላይ!»

የዘንድሮ ልጅ ታሪክን የሚያውቀው በማጅራቱ ነው።

ሐውልቶቹስ መች ቆመው ይጠብቃሉ? ከእኛ ይልቅ የዞሩት እነሱ ናቸው። ምኒልክን ጣልያን ከነፈረሳቸው ነቅሎ ቀበራቸው፤ ነጻነት ሲመለስ ወጡ። የለገሃሩ አንበሳ ሮም ድረስ ተወስዶ ስንት ዘመን ከርሞ መጣ። አቡነ ጴጥሮስም በ2005 ለባቡር መንገድ ይልቀቁ ተብለው፣ ሙዚየም ቆይተው በ2008 ተመለሱ። የወጣ የቀረ ሌኒን ብቻ ነው። እግሩን አንስቶ ወደ ቦሌ ስላቀና «ሊሄድ ነው» እየተባለ ይቀለድበት ነበር፤ በግንቦት 1983 ግን ኮሎኔሉ ቀድመውት በረሩ፣ እሱ በቀናት ልዩነት ተገነደሰ።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» የምትለውን ተረት እወዳታለሁ፤ ለእግረኛ የተተረተች ትመስለኛለች። በ2016 ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ግን ግማሿ አልሠራ ብሏል። የሰፈሩ ልጅ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የብስክሌት መንገድ ላይ ነው።

አንድ ዘበኛ ደግሞ አለ፣ እስከዛሬ ይቅር ያላልኩት። እዚያው ፒያሳ፣ የተጠረበ እንጨት ያለው አሮጌ በረንዳ ፎቶ ላነሳ ስል «ክልክል ነው! ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ስልኬን ሊነጥቀኝ ደረሰ። ከጎኑ፣ በቀይ ቀለም «መሽናት ክልክል ነው» በተጻፈበት ግድግዳ ላይ፣ ባለ ከረባት ሰውዬ ዘና ብሎ ይሸናል። ዘበኛው ዘወር ብሎም አላየው። ከሁለቱ ክልክል የሚያስቆጣው የኔ ሆነ! በነገራችን ላይ በዚህ ከተማ እንደዚያ ጽሑፍ የሚንከባከቡት የግድግዳ ጥበብ የለም፤ ሌላው ሥዕል ይላጣል፣ በቆርቆሮ ይጋረዳል፣ እሱ ቀለሙ ይታደስለታል። በረንዳው አሁን የለም። ዘበኛው ከእኔ ጠብቆ ጠብቆ ለዶዘር አስረከበው። ፎቶ እንኳ የለኝም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ልጁ። ጊዮርጊስ ጋ ደርሰን ምኒልክንም በማጅራቱ ሲሳለማቸው፣ «አንተ ዞር በል፣ የቀሩት ቤቶች ይግቡ» አልኩት። ተቀየመኝ። ራይድ ጠራ፤ ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።