አማርኛ ብዬ ብጠይቅ እንግሊዝኛ አለኝ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። አሮጌ ኮምፒውተሬን የቤት ፊልም ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ፕሮግራሙ የየፊልሙን ርዕስ፣ ፖስተርና አጭር ታሪክ ከኢንተርኔት የመረጃ ቋት እየሳበ ቴሌቪዥኑ ላይ ይደረድራል። ቋቱን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ቋንቋውን አማርኛ አደረግኩት።

አንድ ማታ እሷ የምትወደውን የህንድ ፊልም ታሪክ በአራት መስመር አማርኛ ጽፌ ቋቱ ውስጥ አስገባሁ። ድረ ገጹ ላይ ወዲያው ታየ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን እንግሊዝኛው ፍንክች አላለም። በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው።

«ጻፍኩልሽ ያልከኝ የታለ ታዲያ?» አለችኝ። አቦ፣ ምን ልበላት!

ስጎረጉረው ነገሩ ገባኝ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲጠይቅ አማርኛ አልነበረም። ባዶ ከማሳየት ብሎ እንግሊዝኛውን አመጣ። እዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ጥፋቱ እንግሊዝኛውን ካሹ ውስጥ «አማርኛ» የሚል ምልክት ለጥፎ ማስቀመጡ ነው። ካሽ ማለት ደጋግሞ ላለመጠየቅ መልስ የሚያኖርበት ጓዳ ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ሲባል ጓዳውን ከፍቶ «አለኝ» ይላል። ቋቱን ዳግመኛ ምን ብሎ ይጠይቅ? የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ጨው ጨምሮ መክደን በሉት።

ካሽ ይቅር እያልኩ አይደለም። ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ያለ ካሽ አንድ ፖስተር እስኪመጣ ቡና ይፈላል። እኔ የምለው፣ እንግሊዝኛው በራሱ ስም ይቀመጥ። «አማርኛ አልተገኘም» የሚለው መልስ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይ። ትርጉም የሚሠራው ሰው ነው፤ ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ።

ደግሞስ አማርኛ ሲጠፋ ለምን ቀጥታ እንግሊዝኛ? እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4647 የተባለ የኢንተርኔት ሰነድ ሰው ቋንቋዎቹን በቅደም ተከተል እንዲደረድር መንገዱን አሳይቷል፦ አንዱ ካልተገኘ ቀጣዩ ይፈለጋል። እዚሁ ከተማ መጋላ ሰፈር ያለ ሰው ሶማሊኛ፣ ቀጥሎ ኦሮምኛ፣ ቀጥሎ አማርኛ ቢል ድሬ ላይ ማንም አይገርመውም። የእኔ ፕሮግራም ግን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚያስመርጠው።

ሐረር ላይ ይብሳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አይኤስኦ 639-1 በተባለው፣ ቋንቋዎችን በአጭር ኮድ በሚለየው ዓለም አቀፍ መስፈርት ባለ ሁለት ፊደል ኮድ አላቸው። ሐረሪ ግን ያለው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ብቻ ነው። ሁለት ፊደል ብቻ በሚቀበል ቋት የጁገል ሰው በቋንቋው አንድ መስመር ማስገባት አይችልም። ከጥንት አምስት በር ላላት ከተማ እዚህ አንድም አልተከፈተላትም።

በመጨረሻ ካሹን በእጄ ደመሰስኩት። እናቴ አራቱን መስመር አነበበችና ሁለት የፊደል ግድፈት አገኘችብኝ። ያኔውኑ ቋቱ ላይ አረምኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ እስከ ዛሬ ግድፈቱ አለ።