ሻንጣው ይፈተሽ፤ ባለቤቱም ይቁም

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን መሄድ ቀድሞ የባለሥልጣን፣ የነጋዴና የቱሪስት ነገር ነበር። የመኪናው መንገድ እንደ ልብ የማይኬድበት ከሆነ ወዲህ ግን በደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ሌላ ነው። ሪፈር የተጻፈላቸው አዛውንት አሉ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናት አሉ፤ ለሰርግ የሚጣደፍ ወጣት አለ። ጓዙም አብሮ ተቀይሯል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሸራ ተጠፍሮ ይጓዝ የነበረው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የዘጌ ቡና፣ ቅቤና ማር ዛሬ በኤክስሬይ ያልፋል። ግማሹም አዲስ አበባ አይቀርም፤ ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ድረስ ይሄዳል።

ስለ ፍተሻ ጨዋታ ሲነሳ አንዱ «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል» ይላል፤ ሌላው «ጓዳዬን ለምን ይበረብሩታል» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። ሻንጣ ይፈተሽ፤ ሲከፈት ግን ባለቤቱ እያየ ይሁን። ያ ካልተቻለ ማን፣ የትና መቼ እንደከፈተው የሚናገር ወረቀት ውስጡ ይቀመጥ።

ይፈተሽ የምለው ለወጉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 1985 የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ፈንድቶ 329 ሰዎች ሞቱ። ቦምቡ የነበረው ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ ነው። በዲሴምበር 1988 ደግሞ የፓን አም 103 በረራ ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ በምትባል ከተማ ሰማይ ላይ ተበጣጠሰ፤ ከአውሮፕላኑም ከከተማዋም 270 ሰው አለቀ። ቦምቡ በካሴት ሬዲዮ ውስጥ ነበር፤ ሬዲዮው በሻንጣ ውስጥ፤ ሻንጣውም ብቻውን ነበር የሚጓዘው። ስሙ ተጠርቶ ያልተሳፈረ መንገደኛ ሲኖር ሻንጣው ተፈልጎ እስኪወርድ ድረስ አውሮፕላኑን ቁጭ ብለን የምንጠብቀው በነዚህ ሰዎች ሞት ምክንያት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ከጃንዋሪ 2006 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ አውሮፕላን ሆድ የሚገባ ሻንጣ ሁሉ እንዲፈተሽ አስገድዷል። የእኛው ማረፊያ ደግሞ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሮኬት የተተኮሰበት ነውና፣ ጥበቃው ቢከር የሚደንቀው ያለ አይመስለኝም።

ልብ በሉ፤ ከነዚያ ሁለት አደጋዎች የተወሰደው ትምህርት ሻንጣና ባለቤት አይለያዩ የሚል ነው። ታዲያ ሻንጣው ሊከፈት ሲል ባለቤቱ ለምን ዞር ይደረጋል?

በእኛ አገር የለመድነው ፍተሻ ያደክማል። በሩ ላይ ጫማና ቀበቶ ይወልቃል፤ ጓዙ በማሽኑ ያልፋል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ካላማረ «ይሄ የማን ነው?» ይባላል። ከዚያ ቤት ውስጥ ግማሽ ጥቅል ፕላስተር የፈጀው ካርቶን ይቀደዳል። ኋላ የተሰለፈው ያጉረመርማል። የውስጥ ልብስ አደባባይ ይወጣል፤ ይኼ እንኳ በአንድ መጋረጃና ሴትን በሴት በማስፈተሽ የሚቀል ነበር። ቢሆንም እናትየዋ በገዛ እጃቸው ፈተው፣ አሳይተው፣ በገዛ እጃቸው ይቋጥራሉ። ማን እንደነካው ያውቃሉ። ማረፊያዎቻችን ሲዘምኑ ይህ ቀርቶ ሁሉም ነገር ከመጋረጃ ጀርባ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በውጭው ዓለም ሻንጣችሁ ሚዛን ላይ ወጥቶ ታግ ከተለጠፈበት በኋላ አታዩትም። በተንቀሳቃሹ ቀበቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በማሽን ይታያል፣ ካጠራጠረ ሠራተኛ ይከፍተዋል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ የሚጫን ሻንጣ ሁሉ እንዲፈተሽ በሕግ ደንግገዋል፤ በእጅ ከፍተው የፈተሹት ሻንጣ ውስጥም «ከፍተነዋል» የሚል የታተመ ወረቀት ያስቀምጣሉ። ወረቀቱን እወድላቸዋለሁ። ቁልፋቸውን ግን አልወድም። ፈታሾች በራሳቸው ማስተር ቁልፍ የሚከፍቱት የሻንጣ ቁልፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የማስተር ቁልፎቹን ፎቶ አወጣ፣ በዓመቱ ሰዎች ከፎቶው ተነስተው በ3ዲ ማተሚያ በፕላስቲክ ይሠሯቸው ጀመር። ቁልፉ ሥራ ፈቷል ማለት አይደለም፤ ዚፑ መንገድ ላይ እንዳይከፈት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

የእኛ ጓዝ ከሌላው ይልቅ ለምን እንደሚከፈትም ማወቅ ደግ ነው። ብዙ ሰው «ሐበሻ ስለሆንን ነው» ይላል። ያ የሚሆንበት ጊዜ ይኖር ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የበርበሬው ነው። ኤክስሬዩ የሚያሳልፈውን ነገር በቀለም ይለያል፤ ምግብ፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና አብዛኛው ፈንጂ በአንድ ብርቱካናማ መልክ ይወጣሉ። አምስት ኪሎ በርበሬ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታስሮ፣ በጎኑ ቅቤ ሲደረደርበት ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ ጡብ የጠነከረ ምንነቱ የማይለይ ነገር ነው። ማር ደግሞ ይብሳል። በጃንዋሪ 2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤከርስፊልድ በተባለ ማረፊያ አንድ መንገደኛ በስፖርት መጠጥ ጠርሙሶች ሞልቶ ሻንጣ ውስጥ ያስገባው ፈሳሽ ሲመረመር የፈንጂ ምልክት አሳየ፤ ጠርሙሱን የከፈቱ ሁለት ፈታሾች ሽታው አመመን ብለው ሆስፒታል ሄዱ፤ ማረፊያውም ተዘጋ። በመጨረሻ ማር ሆኖ ተገኘ። የጎጃም ማር ቢሆን ኖሮ ከነመዓዛው ምን ስም ይወጣለት እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ እኛም የምናደርገው አለ። በርበሬውን በሚያሳይ ፌስታል ከፋፍሎ ጠፍጠፍ አድርጎ መያዝ፤ ማሩን በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በሚዘጋ ነገር መያዝ፤ ቢከፈት መልሶ ለመዝጋት በሚመች መልኩ መቋጠር። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ይህ የፈታሽ ክፋት አይደለም፤ ሊቲየም ባትሪ ሰው ባለበት ቢነድ አይተው ይደርሱለታል፣ ከታች በጓዝ መካከል ቢነድ ግን ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የአንዲት ዘመዴ ሻንጣ በሁለት አገር ዞሮ ሲደርስ ዚፑ ተተርትሮ ነበር። በርበሬው ተበትኖ አዲሱን የሐበሻ ቀሚስ አቅልሞታል፤ ለአራስ የተላከው የብር ሐብል የለም። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። የጫነው ያራገፈውን ያሳያል፣ ያራገፈው የፈተሸውን፣ የፈተሸው ደግሞ «እኛ ጋ አልተከፈተም» ይላል። ሐብሉን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ፈታሹ ንጹሕ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕነቱን የሚያስረዳለት ግን አንድም ነገር የለም። ወረቀቱ የሚጠቅመው ለመንገደኛው ብቻ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ይህን ቢያስቡበት እላለሁ። ስሙን የሚጽፍ ሠራተኛ ከሐሜት ይድናል።

የትራንዚት ጓዝን ባለቤት ከአውሮፕላን ማስወረድ አይቻልም የሚለው ክርክር እውነት አለው። ከባሕር ዳር ተነስታ አዲስ አበባ ላይ ወደ ውጭ የምትሻገር ሴት፣ ሻንጣዋ ሌሊት ቢያጠራጥር ማን ቀስቅሶ ይጠራታል? ለዚህ ነው ወረቀት የምለው። የፈታሹ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተወሰደ ዕቃ ካለ ዝርዝሩ፤ ቅጂው እዚያው ይቅር። አንድ ቅጠል ወረቀት በረራ አያዘገይም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው በንብረቱ ላይ ከሚደረግ ብርበራ እንዲጠበቅ መብት ይሰጠዋል፤ መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ነው። የበረራ ደኅንነት አስገዳጅ ነው፤ አልከራከርም። ያለ ምስክርና ያለ ደረሰኝ መክፈት ግን አስገዳጅ አይደለም። በዓለም አቀፍ ጉዞ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚደነግገው የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1999) በሚሠራበት ደግሞ ለተበላሸ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት በተረከቡ በሰባት ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ዘመዶቻችን ሻንጣውን የሚከፍቱት እንግዳ ተሸኝቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ከአዳራሹ ሳትወጡ ዚፑን እዩት፤ ከተነካ ፎቶ አንሱና እዚያው አስመዝግቡ።

የሚከለከለው ዕቃ ዝርዝርም ማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ትኬት በሚቆረጥበት ቢሮ ይለጠፍ፤ በር ላይ ደርሶ የሚነገረው ሰው ቢላውን ጥሎ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ሻንጣው ውስጥ የሚቀመጠው ወረቀትም በአማርኛ ይጻፍ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱት እናት ለልጃቸው ሳያስነብቡ ራሳቸው እንዲያነቡት።