ፍራንከንስታይን፦ ፈጥሮ የሸሸው ሰው

ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ «ፍራንከንስታይን እንዳይሆንብን» ማለቱ አይቀርም። ሊል የፈለገው ይገባኛል። ሰው ከአቅሙ በላይ ተንጠራራ፣ በእግዜር ሥራ ገባ፣ የሠራው ነገር መልሶ በላው ነው ነገሩ። ታሪኩን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሰው ከዚህ የተለየ ትርጉም ላይታየው ይችላል። የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» የተሰኘ ልብ ወለድ ስታነቡት ግን ይህ አይበቃም። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ትልቅ ነገር በመመኘቱ ብዙም አልፈርድበትም። የምፈርድበት ምኞቱ በተሳካለት በዚያችው ሌሊት ባደረገው ነው።

በነገራችን ላይ ፍራንከንስታይን ቪክቶር የሠራው ጭራቅ ስም አይደለም፤ የሠሪው ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። ማን ያውጣለት?

ቪክቶር የጄኔቫ ልጅ ነው፤ ከደህና ቤተሰብ የተገኘ፣ ፍቅር ጠግቦ ያደገ። ጀርመን አገር ኢንጎልስታት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ሲማር ለሕይወት አልባ ነገር ሕይወት የሚሰጥበትን ምስጢር አገኘሁ ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ እንቅልፍ የለ፣ ጤና የለ። ለቤተሰቡ ደብዳቤ መጻፉንም ተወው። ከመቃብር፣ ሬሳ ከሚቀደድበት ክፍልና ከቄራ እየለቀመ አካል ይገጣጥማል። ፍጡሩን ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል እንዲሆን አድርጎ የሠራው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትንንሽ ብልቶችን መሥራት ጊዜ ስለሚፈጅበት። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ፍጡሩን ያየው ሰው ሁሉ ደንግጦ የሚሸሸው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በግዝፈቱም ነው። ግዝፈቱ ደግሞ የሠሪው ጥድፊያ ውጤት ነው።

ሌላም አለ። ቪክቶር እየሠራ ሳለ የሚያልመው ስለ ምስጋና ነው። አዲስ ዘር እንደ ፈጣሪው ይባርከኛል፣ የኔን ያህል የልጁ ውለታ የሚገባው አባት አይኖርም ይላል። ስለሚያበላው፣ ስለሚያስተምረው፣ የት እንደሚያሳድረው አንድ ቃል የለም። ምስጋናውን ብቻ አስቀድሞ ቆጥሮታል።

እና ያቺ የኅዳር ሌሊት መጣች። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፤ ሻማው ሊያልቅ ነው። ቢጫው ዓይን ተከፈተ። ቪክቶር እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጠና ከነልብሱ አልጋው ላይ ወደቀ። ከቅዠት ሲባንን ፍጡሩ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ቆሟል። ቃል ያልሆነ ድምፅ ያሰማል፣ ጉንጩ በፈገግታ ተጨማዷል፣ አንድ እጁን ዘርግቷል። ልጅ ያሳደገ ሰው የዚያ እጅ ትርጉም አይጠፋውም። ቪክቶር ግን ሊይዘኝ ነው ብሎ ደረጃውን ወርዶ ግቢ ውስጥ አደረ። በማግስቱ ጓደኛውን ክለርቫልን ይዞ ሲመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በደስታ አጨበጨበ! ትናንት ሕይወት የዘራበት ፍጡር ቋንቋ ሳያውቅ፣ ብርድና ረሃብን ሳይለይ ብቻውን ወጥቶ ጠፍቷል፤ እሱ ያጨበጭባል።

ይህን ስትጽፍ ሜሪ ጉዳዩን ከሩቅ አልሰማችውም። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት፣ ለሴቶች መብት የተከራከረችው ጸሐፊ፣ እሷን በወለደች በሁለት ሳምንት ውስጥ አርፋለች። እ.ኤ.አ. በ1815 ሜሪ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጅ ወልዳ ሞተችባት። ከዚያ በማስታወሻዋ ላይ አንድ ሕልም ጻፈች፦ ሕፃኗ በርዷት ኖሮ እሳት ዳር ሲያሻሿት ነፍስ ዘራች፤ ሲነቁ ግን ሕፃን የለም። በ1816 ክረምት በመሰለው በጋ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ከባለቅኔው ሎርድ ባይረን ጋር የሙት መንፈስ ታሪክ ለመጻፍ ሲወዳደሩ ገና 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ያለ ስሟ በ500 ቅጂ ታተመ። ብዙዎች የባሏ የባለቅኔው ፐርሲ ሼሊ ሥራ ነው ብለው ነበር።

ፍጡሩም ቢሆን ጫካ ገብቶ ቀስ በቀስ ይማራል። ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ጎን ተደብቆ በግድግዳው ቀዳዳ እያየ ቋንቋ ይለምዳል። ማታ ማታ እንጨት ፈልጦ ደጃቸው ላይ ይከምርላቸዋል፤ እነሱም ደግ መንፈስ ነው ይላሉ። በደግ ቃል ያናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ። የሚያዩት ልጆች ሲመጡ ልጁ ፊሊክስ በዱላ ቀጠቀጠው። ቆይቶ ወንዝ ውስጥ የወደቀች ልጅ አውጥቶ አተረፈ፤ ደመወዙ ጥይት ሆነ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢዎች «ጭራቅ ያደረገው ኅብረተሰቡ ነው» ብለው እጁን ከደም ያጥቡለታል። እኔ አልስማማም። የቪክቶርን ትንሽ ወንድም ዊልያምን አንቆ ከገደለ በኋላ ከአንገቱ የፈታውን ምስል ወስዶ የቤተሰቡ አገልጋይ ጀስቲን በተኛችበት ልብሷ እጥፋት ውስጥ ከተተው። ይህ በንዴት የተሠራ አይደለም። በሰው ሕግ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ የገባው ጭንቅላት ሥራ ነው።

ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ተመልከቱ። ቪክቶር ገዳዩ ማን እንደሆነ ያውቃል። ብናገር እብድ ይሉኛል ብሎ አፉን ይለጉማል። ጀስቲን በሞት ትቀጣለች። እሱ ግን የእኔ ሥቃይ ከእሷ ይበልጣል፣ እሷስ ንጽሕናዋ ያጽናናታል ብሎ ይነግረናል። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት አስፈሪ ነገሮች ሁሉ እኔን የሚዘገንነኝ ይህ አረፍተ ነገር ነው። ፍጡሩ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ራሱን ይጠላል።

በ1931 የወጣው፣ ቦሪስ ካርሎፍ የተወነበት ፊልም ይህን ሁሉ በአንድ ማሰሮ ገላገለው። የሳይንቲስቱ ረዳት ደህናውን አእምሮ በማሰሮ ይዞ ሲወጣ ይጥለውና የወንጀለኛ አእምሮ ያመጣል። በቃ! ጥፋቱ የአእምሮው ሆነ። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኼ ነው። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም።

በዘመናችን ቴክኖሎጂ ላይም የምንጠይቀው የሚበዛው ማሽኑ ክፉ ይሆናል ወይ የሚለውን ነው። ሠሪው ጉዳት ሲደርስ የት ይገኛል፣ አውቆ ዝም ያለው ምንድን ነው የሚለው ግን ብዙም አይጠየቅም። ለኔ የሜሪ ጥያቄ ይኼኛው ነው።

ለዚህም ነው ካፒቴን ዋልተንን የምወደው። የ1931ዱ ፊልም ጭራሽ አላስገባውም። ዋልተን ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዝ፣ እንደ ቪክቶር ክብር የጠማው ሰው ነው፤ ሙሉውን ታሪክ የምንሰማውም ለእህቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው። መርከቡ በበረዶ ተያዘች። ከሰዎቹ የሞቱ አሉ። የቀሩት መጥተው መንገዱ ከተከፈተ እንመለስ አሉት። ይኼኔ ሊሞት የሚያጣጥረው ቪክቶር ቀና ብሎ ወንድ ሁኑ እያለ ይገስጻቸዋል! አልተማረም። ሲሞትም ለዋልተን ከትልቅ ምኞት ሽሽ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ እኔ ባይሳካልኝ ሌላው ይሳካለት ይሆናል ይላል። ምክሩን እየጠቀሱ ታሪኩን በትምህርት የሚዘጉት ሰዎች ይህችን ሁለተኛዋን አያነሷትም። ያለፈ ሥራውን መርምሮም የሚወቀስበት ነገር አላገኘም።

ዋልተንም በደስታ አልተመለሰም። ተስፋዬን ፍርሃትና ወላዋይነት ቀጩት ብሎ ለእህቱ ያማርራል። እያማረረም ቢሆን ሰዎቹን ሰማ፤ መርከቧንም ወደ እንግሊዝ አዞረ።